ለለቅሶ የነፈግኩት እንጨት

በእኛ ሰፈር፣ ደብረ ማርቆስ ዳር፣ ሰው ሲሞት የእድሩ ወንዶች መጥረቢያ ይዘው በቅርብ ወዳለው ደረቅ ዛፍ ይሄዳሉ። የለቅሶ ቤት ወጥ የሚሠራው በዚያ እንጨት ነው። እምቢ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኔ እስከዳር፣ በሰባ አንድ ዓመቴ፣ የመጀመሪያዋ ሆንኩ።

የሞተችው ጎረቤቴ ንግስት ናት። ከእህት በላይ ነበረች፤ አልቅሼ አልቅሼ ድምፄ ተዘግቶ ነበር። የእድራችን ሊቀመንበር ገዳሙ አራት ሰው አስከትሎ ጓሮዬ ሲገባ ግን ተከፈተልኝ።

“ቲቸር፣ ያቺን ወይራ ልንጥላት ነው” አለ። አራተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማርኩት ልጅ ነው።

“አትነካትም!”

“ከደረቀች ሦስት ዓመቷ እኮ ነው። ሞታለች።”

“ያስተማርኩህ የት ገባ? ና እይ!”

እጁን ይዤ ወሰድኩት። ከላይ ግንደ ቆርቁር ጫጩቶቿን ትመግባለች። ከታች ባለው ቀዳዳ ንብ ሰፍሯል። ሥሯ ላይ፣ የረገፈው ቅርፊት በስብሶ ርጥበት በያዘበት፣ ሦስት የዝግባ ችግኞች ቆመዋል። ይህን ጓሮ ደን ላደርገው ሃያ ዓመት ለፍቻለሁ፤ ዝግባ ገላጣ ቦታ በተከልኩ ቁጥር በጋው ይፈጅብኛል። የጸደቁልኝ እነዚህ ብቻ ናቸው። ወይራዋ በሕይወት ሳለች ካደረገችልኝ ሞታ ያደረገችልኝ ይበልጣል።

ገዳሙ አየ፤ ግን ራሱን ነቀነቀ። “ሰው ምን ይላል፣ ቲቸር? ለንግስት እንጨት ነፈገች ነው የሚባለው። ነገ እርስዎን ማን ይቀብራል?”

እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ልጅ የለኝም፤ ያለ እድር ሬሳዬን የሚያነሳ የለም። ከፍርሃቴ ግን ንዴቴ ባሰ። ቤት ገብቼ ከአልጋዬ ሥር ስድስት የጽድ ሳንቃ እየጎተትኩ አወጣሁ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ለሬሳ ሳጥኔ ብዬ ስምንት ዓመት ያስቀመጥኳቸው ናቸው።

“ይኸው ደረቅ እንጨት! ፍለጠው!”

ሰዎቹ ወደ ኋላ አሉ። “ኧረ ቲቸር፣ በማርያም! ነውር ነው” አለ ገዳሙ።

መጥረቢያውን ነጠቅኩትና የመጀመሪያውን ሳንቃ ራሴ መታሁት። ሳትኩ። ደገምኩት፤ ተሰነጠቀ። ንግስት ብታየኝ በሳቅ ትፈርስ ነበር።

“ታዲያ በምን ሊቀበሩ ነው?” ገዳሙ እንባው መጣ።

“በሰሌን! እናቴም አባቴም በሰሌን ነው የተቀበሩት። ሣጥን ውስጥ ተዘግቼ ለማን ልጠቅም? እኔም ከሞትኩ በኋላ ሥራ አለኝ። ከነዚህ ችግኞች አንዷን አጠገቤ ትተክላለህ። አሁን ተሸከሙ፤ ለቀስተኛው ጾሙን ነው።”

ተሸክመው ወጡ። ገዳሙ በሩ ላይ ሲደርስ ሳንቃውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ወደ ወይራዋ ዞረ።

“የትኛዋን ችግኝ ነው፣ ቲቸር?” አለኝ።