ለአንድ ሰው የሚጻፍ ደብዳቤ

ማናለብሽ የማዋለጃ መለማመጃዋን አሻንጉሊት ሆድ ነካ ብታደርገው ጣቷ አቧራው ላይ ታተመ። አሻንጉሊቷ ከመጣችበት ላስቲክ እንኳ አልወጣችም። እግሯ ላይ የፋብሪካው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው።

"መቼ ነው የተገዛችው፣ አበልጅ?"

"እሷ? አራት ዓመት ይሆናታል" አሉ አቶ ባንተአምላክ ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ። "እንዳትበላሽብን ብለን ነው። ተማሪ መቼም እጁ አያርፍም።"

ታዲያ እጁን እንዲያፍታታባት አይደል እንዴ የተገዛችው! ማናለብሽ ግን ይህን አላለችም። ሰውዬው የዳንግላው የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ትናገር ነበር፤ ነገር ግን የልጇ የክርስትና አባት ናቸው። ልጁ የሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ሲተኛ ሦስት ቀን ሙሉ ከአጠገቡ ያልተነሡት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ምላስ ይተሳሰራል።

ማናለብሽ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ሰባት ዓመት የሠራች የዲፕሎማ ነርስ ናት። ሐሳቧ ጤና መኮንን መሆን ነው። ወረዳው በዓመት የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው ለአንድ ሰው ብቻ ሲሆን ዘንድሮ ተራው የእሷ ነው። ደብዳቤው ላይ የትምህርት ቤቱ ስም ይሰፍራል፤ አንዴ ከሰፈረ አይቀየርም። ያለ ደብዳቤ የተማረውን ደግሞ ወረዳው አያውቅለትም። ወይ ባሕር ዳር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገብታ አራት ዓመት መማር፣ ወይ ዳንግላ ቅዳሜና እሑድ መመላለስ ነው። የመጨረሻው ቀን ዛሬ ዓርብ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት።

"ባለፈው ዓመት የመውጫ ፈተና ስንት ሰው አስፈተናችሁ?"

"አርባ አንድ።"

"ስንቱ አለፈ?"

አቶ ባንተአምላክ በሩን ቆልፈው እጀታውን ሁለት ጊዜ ሞከሩት።

"ሁለት። ፈተና እኮ የዕድል ነገር ነው። የአንቺ ግን ለብቻው ነው። ሰባት ዓመት የሠራሽ ነርስ! ልምምዱ ይቅርብሽ፤ የተግባር ደብተሩን አንድ ቀን ቁጭ ብለን እንፈርመዋለን። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ሆኖባችሁ ነው እንጂ እዚህ ምን ጎደለ?"

ከልባቸው ነው የሚናገሩት፤ ክፋቱም እሱ ነው። ቢያታልሏት ይሻላት ነበር፤ ተቆጥታ ትሄዳለቻ!

በጋሪ እስከ መናኸሪያ፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ አዲስ ቅዳም። መንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሮ ገዥ ይጠብቃል። ማናለብሽ ዐይኗ እዚያ ላይ ቢሆንም የምታየው ያለፈውን ክረምት ነበር። ከገጠር በቃሬዛ የመጣች አንዲት አራስ። ልጁ ተወልዷል፣ የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም፤ ደሙ ዝም ብሎ ይወርዳል። አዋላጇ ራሷ ወልዳ ዕረፍት ላይ ናት፤ ጤና መኮንኑ ለሥራ ኢንጅባራ ሄደዋል። ማናለብሽ ጓንቷን አጥልቃ ቆመች። እጅ ሰዶ ማውጣት እንዳለ ከመጽሐፍ ታውቃለች፤ እጇ ግን አያውቅም። ልስደድ፣ አልስደድ ስትል ደቂቃው ነጎደ። የአራሷ አማት በአዊኛ "እናንተ አይደላችሁም እንዴ የምታክሙት?" ሲሏት፣ ማናለብሽ አፏን በፈታችበት በዚያው ቋንቋ አምቡላንስ እንዲጠራ ጮኸች። አራሷ ሆስፒታል ሳትደርስ አምቡላንሱ ውስጥ አረፈች። አሁን ደግሞ ደብተሩን ቁጭ ብለን እንፈርመው ይባላል። ወይ አበልጅ!

ባሏ ይኸነው አዲስ ቅዳም ውስጥ መምህር ነው። ደመወዝ እየተከፈለው ባሕር ዳር የሚማር ሠራተኛ ተመልሶ ለማገልገሉ ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም የመንግሥት ደመወዝተኛ መሆን አለበት። የማናለብሽ ወንድሞች ገበሬዎች ናቸው፤ የጤና ጣቢያው ባልደረቦቿ ከአንዷ በቀር ሁሉም ለሌላ ሰው ዋስ ሆነዋል። ይኸነውን ከክፍል አስጠርታ ቅጹን ሰጠችው።

"ይህ የዋስ ቅጽ ነው" አለ አገላብጦ። "ለዳንግላው ዋስ አያስፈልግም አልተባለም?"

"ዳንግላ አልማርም። አይቼው መጣሁ።"

"ምን ማለትሽ ነው? በሰንበቴው ላይ አበልጅ በሰው ሁሉ ፊት 'የእሷን ነገር ለእኔ ተወው' ሲሉኝ 'እሺ' ብያለሁ። ቄሱ ሰምተዋል፣ ማኅበርተኛው ሰምቷል። ዛሬ ለባሕር ዳር ፈርሜ በየትኛው ፊቴ ጽዋ እጠጣለሁ?"

"እኔን ሳትጠይቅ እሺ ያልከው አንተ፣ የምማረው እኔ!"

"ደግሞስ አራት ዓመት! ልጁስ?"

"እናቴ አለች፣ በየዕረፍቱም እመጣለሁ።"

"እኔስ?"

"አንተማ ጡት ጥለሃል ብዬ ነበር።"

አልሳቀም። ቅጹን አጥፎ መለሰላት።

"ይኸነው፣ ከአርባ አንድ ሰው ሁለት ነው ያለፈው። ደግሞ ፈተናውስ ይለፍ፤ ሰው እጄ ላይ እየሞተ ነው የምልህ። ወረቀት ምን ያደርግልኛል?"

"ሁሉም በወረቀት ነው የሚኖረው፤ አንቺ ከማን በልጠሽ ነው?" አለና ደወሉን ሰበብ አድርጎ ወደ ክፍሉ ገባ።

ማናለብሽ እዚያው ቆማ ቀረች። በዘጠኝ ዓመት ትዳር ይህን ሰው አንዲት ፊርማ ነው የለመነችው፤ እሱ ግን የሰንበቴ ወሬ ፈራ።

ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ስትደርስ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። በረንዳው ላይ እታለማሁ ተቀምጣለች፤ ከጤና ጣቢያው ዋስ ያልሆነችው ያቺ አንዷ። በተራ ከማናለብሽ ቀጥላ ያለችው እሷ ናት። ማናለብሽ ከቀረች ደብዳቤው የእሷ ነው።

"እኔ እንድቀር ነው የምትጠብቂ?" አለቻት ማናለብሽ፣ ግማሽ ቀልድ ግማሽ ንክሻ።

"አልዋሽሽም፣ አዎ" አለች እታለማሁ።

"እንግዲያው ነይ ዋስ ሁኚኝ።"

እታለማሁ አንገቷን ደፋች። "እህቴ፣ ዋስ የሆነ ሰው ዋስ የሆነለት ተምሮ እስኪመለስ የትም መማር አይፈቀድለትም። ያንቺን ስፈርም የራሴን በር መዝጋቴ ነው። አንቺ ብትሆኚ ትፈርሚ ነበር?"

"አልፈርምም ነበር" አለች ማናለብሽ። እውነቷን ነው።

"ለነገሩ እኔም ብትቀሪ ዋስ የሚሆነኝ የለኝም። አባቴ አራሽ ነው። ዝም ብዬ ነው የመጣሁ።"

የሰው ኀይል ክፍል ሠራተኛዋ ወይዘሮ ወርቅአየሁ በበሩ ብቅ አሉ። "ማናለብሽ፣ ደብዳቤው እኮ ማኅተም ብቻ ነው የቀረው። የየትኛውን ስም ልጻፍ? የባሕር ዳሩ ከሆነ ዋስሽ የት አለ? የዳንግላው ከሆነ አሁኑኑ አትሜ እሰጥሻለሁ።"

ማናለብሽ ገብታ ተቀመጠች። ዳንግላ ብትል ነገሩ ሁሉ ሰላም ነው፤ ባሏ ይደሰታል፣ አበልጅ ይመርቋታል፣ ከአራት ዓመት በኋላ ደመወዟም ያድጋል። በቃሬዛ የምትመጣዋ ሌላ ሴት ግን ያንኑ የማያውቅ የማናለብሽን እጅ ነው የምታገኘው።

ስልኳ ጠራ፤ ይኸነው ነው።

"ለአበልጅ ደወልኩላቸው" አላት ድምፁ ደስ ብሎት። "ሰኞ ትመዘገባለች ብያቸዋለሁ። እንዳታሳፍሪኝ እሺ?"

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው። አሁንም ሳይጠይቃት ቃል ገባባት! እሷ ባትማር እንኳ ጤና ጣቢያው ሥራውን የሚያውቅ እጅ ያስፈልገዋል።

"ወይዘሮ ወርቅአየሁ፣ የእኔን ስም ያጥፉት" አለች። "የእታለማሁን ይጻፉ፣ ለባሕር ዳር። ዋሷ እኔ ነኝ።"

በሩ ላይ የቆመችው እታለማሁ "ምን?" ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ወይዘሮ ወርቅአየሁ መነጽራቸውን አወለቁ። "አስበሽበታል? ይህን ከፈረምሽ አራት ዓመት ሙሉ ለዳንግላውም አትሆኚም። አበልጅሽም ቢለምኑ፣ ባልሽም ቢለምን፣ እኔ ልጽፍልሽ አልችልም።"

"አይጻፉልኝ" አለች ማናለብሽ፣ ቅጹንም ስባ ፈረመች።