ላስቲኩ ይቆይ

ክሊኒኩ ውስጥ ጋሽ አትንኩን እናት አባታቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠራ ሰው አልነበረም። ሠላሳ ዓመት የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው ሲሠሩ ከአፋቸው የማይለየው ቃል «አትንኩ» ስለነበር፣ ቃሉ እዚያው ላያቸው ላይ ቀረ። እሳቸውም አልከፋቸውም። አዲስ ዕቃ ከካርቶኑ ሲወጣ ጥርሳቸው የተነቀለ ያህል የሚያማቸው ሰው ናቸው። ቤታቸው ያለው ቴሌቪዥን ከሞተ ቆይቷል፤ ሪሞቱ ግን በላስቲክ እንደተጠቀለለ እንደ አዲስ ነው። ሶፋቸውም ላስቲኩ አልተነሳለትም። በሙቀት ቀን እንግዳ ተቀምጦ ሲነሳ ሁለቱም ይጮኻሉ፣ ሶፋውም እንግዳውም። ሚስታቸው ብትናገር ብትናገር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባትና ተወችው።

እንግዲህ ያ መብራት የገባው እንዲህ ባለ ሰው እጅ ነው።

መብራት ስላችሁ አምፖል እንዳይመስላችሁ። ጎማ ያለው፣ የሰው ቁመት የሚያህል፣ ዙሪያውን ረጃጅም ቱቦዎች የቆሙበት ማሽን ነው። በሽተኛ ከክፍሉ ሲወጣ ማሽኑ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። ከዚያ ከውጭ ቁልፉን ሲጫኑት ሃያ ደቂቃ ያበራና የአልጋው ብረት ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ የበሩ እጀታ ላይ የቀረውን ቫይረስ በጨረሩ ይፈጀዋል። ጨረሩ ዓይንና ቆዳ ስለሚጎዳ ሲበራ ውስጥ ሰው አይቆምም። ማሽኑን ሊተክል የመጣው ባለሙያ ይህን ሁሉ አስረድቶ ሲያበቃ፣ ቱቦዎቹን የሸፈነውን ጥርት ያለ ላስቲክ ጫፉን ይዞ ሊገሸልጠው ሲል ጋሽ አትንኩ እጁን ያዙት። «እሱ ይቆይ፣ በኋላ እኔ አነሳዋለሁ» አሉት። ባለሙያው ሌላ ቀጠሮ ነበረበትና ሄደ። ለጋሽ አትንኩ ደግሞ «በኋላ» የሚባለው ቀን መጥቶ አያውቅም። የአጠቃቀም መመሪያውንም ጠርዙ እንዳይታጠፍ ብለው፣ ሳይገልጡት፣ ከነፖስታው ካዝና ውስጥ ቆለፉበት።

በማሽኑ እንድትሠራ የተመደበችው የገዛ ወንድማቸው ልጅ ነበረች። የሁለት ልጆች እናት ናት። ስትቀጠር ዋስ የሆኗትም እሳቸው ናቸው። የሙከራ ጊዜዋ ሦስት ወር ነው፤ ካለፈች ቋሚ ትሆናለች፣ ካላለፈች ደህና ሁኚ። ዕድሜዋን ሙሉ እዚህ ሦስት ወር፣ እዚያ ሁለት ወር እያለች ኖራ አንድም ቦታ ቋሚ ሆና ስለማታውቅ፣ ይቺን ሥራ እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የያዘቻት። ማሽኑን እየገፋች ታስገባለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ቁልፉን ትጫናለች፣ ሰዓቱን በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ትጽፋለች። በበሩ ስር ሰማያዊ ብርሃን ሲወጣ ታካሚው ሁሉ ቆሞ ያደንቅላት ነበር።

ሁለት ወር ከግማሽ እንዲህ አለፈ። ከዚያ የላቦራቶሪው ሰውዬ ጨረሩ መሥራቱን የሚፈትኑ ካርዶች ይዞ መጣ። ቢጫ ናቸው፤ ጨረሩ በደንብ ሲያገኛቸው ሮዝ ይሆናሉ። አልጋው ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ እጀታው ላይ ለጣጥፎ ወደ ላቦራቶሪው ተመለሰ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ሲገባ ሦስቱም ቢጫ። አርባ ደቂቃ ይሁን ተባለ። አሁንም እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ። በሦስተኛው ቀንም ያው።

ክሊኒኩ ውስጥ መላ የማይመታ ጠፋ። ጥበቃው የዚህ አካባቢ ቫይረስ ፀሐይ ስለለመደ ነው ሲል፣ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ደግሞ ካርዱ ራሱ ጊዜው ያለፈበት ነው አለች። ጋሽ አትንኩ በበኩላቸው ሶኬቱን ነቅለው ሰኩ፣ ገመዱን ዳበሱ፣ በመጨረሻም ብርሃኑ እንደ ልብ እንዲያልፍ ብለው ላስቲኩን በጨርቅ ወለወሉት።

ዳይሬክተሯ ግን ጥፋቱን ከሰው ላይ አየችው። ማሽኑ አዲስ ነው፣ ካርዱም ደህና ነው፤ እንግዲያውስ ቁልፉ አይጫንም ማለት ነው አለች። ልጅቷ በሩን ዘግታ አረፍ ትልና ሰዓቱን እንዲሁ ትሞላዋለች ብላ ደመደመች። ያዩት ሰማያዊ ብርሃንስ ሲሏት፣ ሰው ባለበት ታበራዋለች፣ ሰው በሌለበት ታጠፋዋለች አለች። ልጅቷ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብላ ማለች። የሚሰማት አላገኘችም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣትና ዓርብ ሁሉም ባለበት የመጨረሻው ሙከራ እንዲሆን ተወሰነ። ለጋሽ አትንኩ ደግሞ ወንድማቸው ሲሞት አደራ ብሎ የተዋት ልጅ ናት።

ዓርብ ጠዋት ከሰው ቀድመው ገቡ። ሌላው ነገር ሁሉ ስላለቀባቸው ካዝናውን ከፈቱ። ጓንት አጠለቁ፣ ፖስታውን በቀስታ ቀደዱ፣ መመሪያውን ገለጡት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ፣ ማንም ዓይን ያለው በሚያየው ፊደል፣ ማሽኑ ሳይበራ በፊት ላስቲኩ ይነሳ ይላል። ቫይረስ የሚገድለው ጨረር ዓይን የማያየው ነው፣ ላስቲክ አያሳልፈውም፤ ሰማያዊው ብርሃን ማሽኑ መብራቱን ለማሳወቅ ብቻ ነው ይላል። ጋሽ አትንኩ ክው አሉ። ሁለት ወር ከግማሽ ሙሉ አልጋውን፣ ጠረጴዛውንና እጀታውን በሰማያዊ መብራት ሲያጫውቱ ኖረዋል።

ሄደው ቢናገሩስ? ሠላሳ ዓመት አንዲት ነጥብ ያልነካው ስማቸው መሳቂያ ሊሆን ነው። ስለዚህ አቋራጭ አገኙ። ክፍሉ ገብተው ላስቲኩን ገሸለጡ፤ እየገሸለጡም አንዳች ነገር ከሆዳቸው ሲላጥ ተሰማቸው። መጣል ግን አልሆነላቸውም። በደንብ አጥፈው ኮታቸው ውስጥ፣ ብብታቸው ስር ወሸቁት። ካርዱ ሮዝ ይሆናል፣ ልጅቷ ነፃ ትወጣለች፣ ማንም ምንም ሳያውቅ ነገሩ ያልቃል ብለው ተጽናኑ።

በአራት ሰዓት ሁሉም ኮሪደሩ ላይ ተሰበሰበ። ጋሽ አትንኩ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ብብታቸው ይንኮሻኮሻል። ጥበቃው ዳቦ የያዙ መስሎት አካፍሉኝ እስኪላቸው ድረስ። ልጅቷ ቁልፉን ተጫነች። ሃያ ደቂቃው አለቀና የላቦራቶሪው ሰውዬ ገባ። ሦስቱንም ካርዶች በጣቶቹ ከፍ አድርጎ ወጣ፤ ሦስቱም ሮዝ ናቸው። ሰው አጨበጨበ፣ ልጅቷም ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ዳይሬክተሯ አላጨበጨበችም። «አየሽ?» አለቻት። «ማሽኑ ምንም አልሆነም። ስትጠበቂ ትሠሪያለሽ፣ ሳትጠበቂ አትሠሪም። ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም፤ ሰኞ እንዳትመጪ።»

ይህን ጋሽ አትንኩ አላሰቡትም ነበር። ያድናታል ያሉት ነገር ጭራሽ ወንጀሏን አረጋገጠባት። ጭብጨባው ቆመ። ልጅቷ የሥራ ጋውኗን ቁልፎች ከላይ ጀምራ መፍታት ያዘች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ጋሽ አትንኩ እጃቸውን ኮታቸው ውስጥ ሰደዱ።

ላስቲኩ ሲወጣ ኮሪደሩን በድምፁ ሞላው። ሲዘረጋ ደግሞ የማያልቅ ሆነ፤ ጫፉን ጥበቃው ያዘላቸው። «ይሄ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ማሽኑ ላይ ነበር» አሉ። «እንዳይነሳ ያልኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ደብቄ ያነሳሁትም እኔ ነኝ። ልጅቷ አንድም ቀን አልሰነፈችም። ማስጠንቀቂያውን በኔ ስም አድርጉት።»

ዳይሬክተሯ አላመነችም፤ ዘመዳቸውን ሊያድኑ የፈጠሩት መሰላት። እንግዲያው መልሰው ያልብሱት አለች። አለበሱት፤ ሃያ ደቂቃ በርቶ ካርዱ ቢጫ እንደሆነ ወጣ። ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ። ጥበቃው ግድግዳ ይዞ ሳቀ። ዳይሬክተሯ አፍራ ልጅቷን ይቅርታ ጠየቀቻት፣ የቋሚነቱ ደብዳቤም ከምሳ በፊት ተጻፈ። ጋሽ አትንኩም በሠላሳ ዓመታቸው የመጀመሪያውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተቀበሉ።

ሳቁ ሲበርድ ልጅቷ ንብረት ክፍል ድረስ መጣች። እሷ አልሳቀችም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቁልፉን ስጫን ነገሩን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ሳቃቸውን ፈርቼ ነው።»

«እኔ ለልጆቼ ምን ልበላቸው እያልኩ፣ እርስዎ ሳቅ ፈሩ?»

ይቅር በይኝ አሏት። ልጅቷ የተፈታውን የጋውኗን ቁልፍ መቆለፍ ጀመረች።

«እንግዲህ እርስዎም ሦስት ወር ሙከራ ላይ ነዎት» አለቻቸው። «ካለፉ አጎትነትዎን ቋሚ አደርገዋለሁ።»