ያልተቋጨው ጉንጉን

«ፍችው እንጂ ልጄ። ሐዘንተኛ ሹሩባ ይዛ አትቀመጥም» አለች አክስቷ አገርነሽ፣ እጇን ወደ የትናየት ጸጉር እየሰደደች።

የትናየት ጥቁር ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበችና «አልፈታም» አለች።

የአባቷ የያርጋል ሰልስት ነው። የደባርቅ ሰፈሩ ሁሉ ድንኳኑን ሞልቶታል፤ ከሳንቃ በር ተራራ የወረዱት በቅሎ ነጂዎች በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ወገን ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ይንሾካሾካሉ። አባቷን ቀብራ በሹሩባ መቀመጥ የየት አገር ወግ ነው ይላሉ።

እነሱ ምን ያውቃሉ። ይህን ሹሩባ ያለፈው ቅዳሜ ያርጋል ራሱ ነው፣ ታሞ አልጋው ላይ ተደግፎ የጎነጎነው። የመጨረሻው ጉንጉን ላይ ሲደርስ ጣቶቹ ዛሉበትና ከመሃል ተወው። «ነገ እጨርሰዋለሁ» ብሏት ነበር፣ ነገን ግን አላገኛትም። ከተፈታ ያ እጅ ከየት ይመጣል?

ያርጋል ዕድሜውን ሙሉ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ ጭኖ ተራራው ላይ ጨነቅ ድረስ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ከሚስቱ ከሙሉወርቅ ሲፋታ የትናየት ስድስት ዓመቷ ነበር። ሙሉወርቅ ዳባት ገባችና ልጄን ልውሰድ ብላ ከሰሰች። ክፉ ሴት ሆና አይደለም፤ አገሩም ዳኛውም የሚያውቁት ሴት ልጅ የእናቷ መሆኗን ነው። ዳኛው መዝገቡን እንኳ ሳይገልጡ፦

«ሴት ልጅ እኮ ናት። ለመሆኑ ጸጉሯን ማን ሊሠራላት ነው?» አሉት ያርጋልን።

ችሎቱ ሳቀ። ሙሉወርቅም የእሱ እጅ ጅራፍ እንጂ ሚዶ መች ያውቃል አለች። ልጅቱን አንቺስ ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው የለም። ያርጋል አንገቱን አልደፋም፤ ምስክር አለኝ ብሎ ቀጠሮ ለመነ።

በቀጠሮው ምስክር ብሎ ያቀረበው ሚዶና ቅቤ ነው። ልጁን አግዳሚው ላይ አስቀመጠና፣ የጭነት ገመድ የሚሠራበትን ባለ አራት ጉንጉን በጸጉሯ ላይ ጀመረ። ሌላማ ከየት ያውቃል። ሲጀምር የሳቁት ሲጨርስ አንገታቸውን አስግገው ያዩት ነበር። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁና ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅቱን ጠየቋት።

«አያምሽም?»

«የአባዬ አያምም።»

ለአባቷ ተፈረደለት። ትምህርት ቤት «የበቅሎ ገመድ» እያሉ ቢያሾፉባትም ደረቷን ነፍታ ነበር የምትሄደው። ዛሬም ያው ናት፤ እያዘነችም ትኮራለች። የማን አባት ነው ችሎት ፊት ለልጁ ሹሩባ የሠራው?

ሙሉወርቅ ከዳባት ደረሰች። አልቅሳ ስታበቃ አገርነሽ ወደ የትናየት ገፋቻት።

«እናቷ ነሽ፣ አንቺ ፍቺላት።»

ሙሉወርቅ ከልጇ ኋላ ተቀመጠችና ነጠላውን ገለጠች። የትናየት ትከሻዋ ደረቀ። የእናቷ ጣቶች በጉንጉኑ ላይ ቀስ እያሉ ወረዱ፤ ያላለቀው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህን ጉንጉን አውቀዋለሁ» አለች ሙሉወርቅ፣ ሴቶቹ ሁሉ እንዲሰሟት። «ያን ቀን እጁ ጅራፍ እንጂ ሚዶ አያውቅም ያልኩት እኔ ነኝ። ይኸው አሳድጓታል። ማንም አይፈታውም።»

ከዚያ ወደ ልጇ ጆሮ ጠጋ አለች።

«አጨራረሱ እንዴት ነው?»

«ዳርኛውን በሥር አሳልፊው» አለች የትናየት፣ እንባዋ እየወረደ። «ቀስ ብለሽ፣ እማዬ።»

ሙሉወርቅ እየተሳሳተች፣ እየደገመች ጨረሰችው። ከነጠላዋም ጠርዝ አንድ ክር መዘዘችና ጫፉን ቋጨችው።