የአለቃ የጥገና ባቡር

ልብስ ሰፊው አማቱን ወደ ቤቱ ሲያመጣ ያሳፈረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሽማግሌው አልጋ የሚዘረጋው ሞዴል ባቡሩ ባለበት ክፍል ውስጥ ነው። የሁለት ልጆች አባት የሆነ ሰው ጠረጴዛ ሙሉ ሀዲድ ዘርግቶ ክንድ የማታህል ባቡር ሲነዳ መገኘቱ ሳያንስ፣ አማቱ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን እውነተኛው ባቡር ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። የተሰበረ ሀዲድ እየቀየሩ፣ ጎርፍ የወሰደውን ጠጠር እየሞሉ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው በጥገና ባቡር አለቃነት ነው ጡረታ የወጡት። ዛሬም ሰው ሁሉ "አለቃ" ይላቸዋል።

አለቃ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ሲጠይቋቸው "ደህና"፣ ሲያቀርቡላቸው "በቃኝ"፤ ሦስት ሳምንት በዚሁ አለፈ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግን ልብስ ሰፊው ወደ ክፍሉ ብቅ ሲል፣ ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አፍንጫቸው ሀዲዱን ሊነካ እስኪደርስ አጎንብሰው አገኛቸው።

"መርፌ!" አሉት። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ የሚጠሩት እንዲህ ነው።

"አቤት አባባ።"

"ይሄ ሁሉ መንገደኛ ሲንሸራሸር ሀዲዱን ማን ነው የሚጠግነው?"

ልብስ ሰፊው ፉርጎዎቹን በዓይኑ ቆጠረ። ሰባት የመንገደኛ ፉርጎ አለው፤ ጠጠር የሚያራግፍ ግን አንድም የለውም።

"በል ጫማህን አድርግ" አሉ አለቃ።

መጫወቻ ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ ያብለጨልጫል። አለቃ አንዱን ፉርጎ አገላብጠው አዩና "ይሄ ሥራ አያውቅም" ብለው መለሱት። ከዚያ አሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ ሄዱ። ስብርባሪ መጫወቻ የታጨቀበት ካርቶን ውስጥ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተው ሲያምሱ ቆይተው ሁለት ክፍት ፉርጎ፣ አንድ ዝግ ፉርጎ፣ በመጨረሻም መንጠቆ የሌለው ክሬን አወጡ። የክሬኑን አቧራ እፍ ብለው "አንተ! የት ጠፍተህ ነው?" ሲሉት ሻጩ ራሱ ሳቀ።

ሥራው ተጀመረ። አለቃ የሳርዲን ቆርቆሮ በጨርቅ መቀስ ሲቆርጡ ልብስ ሰፊው ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች።

"አባባ፣ እሱ እኮ ለሐር የምይዘው ነው!"

"እንኳን ደስ ያለው፤ ዛሬ እድገት አገኘ።"

የክሬኑ ገመድ በሰም የታሸ ክር ሆነ፤ መንጠቆው ከቀሚስ ማያያዣ ተሠራ። ልብስ ሰፊው ፉርጎዎቹን ቢጫ ቀብቶ ሲጨርስ፣ አለቃ ከሰል ደቁሰው በጣታቸው አጠቆሯቸው። "እኛን ማን አጥቦን ያውቃል?" አሉ።

ነርሷ፣ የልብስ ሰፊው ሚስት፣ ከሥራ ስትመለስ በበሩ አጮልቃ ታይና "ልጆቼ ሁለት ናቸው ስል አራት ሆኑብኝ" ብላ ታልፋለች። ገብታ ግን አታውቅም። ልጅ ሳለች አባቷ በዚያ ባቡር ሄደው ወር፣ አንዳንዴም ሁለት ወር ይቆዩ ነበር። ለባሏ እንኳ ስለዚያ ብዙ አላወራችም።

መጨረሻ ላይ ዝጉ ፉርጎ ቀረ፤ የሠራተኞቹ ማደሪያ። እሱን አለቃ ማንንም አላስነኩም። ሦስት ቀን ብቻቸውን ሲጠበቡ ሰንብተው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጃቸውን ጠሯት።

"ነይ እስቲ።"

ጣራውን በጥፍራቸው አነሱት። ውስጡ አልጋዎች አሉ፤ ከክብሪት እንጨት። ምድጃም አለ። ከአንደኛው አልጋ በላይ ግድግዳው ላይ ምስር የሚያካክሉ ቁራጭ ወረቀቶች ተደርድረዋል።

"ይሄ ምንድን ነው አባዬ?"

"ደብዳቤሽ ነዋ። ምስማር እንዳይበሳው ብዬ በሙጫ ነበር የምለጥፈው። አርባ ሦስት ነበሩ፤ እዚህ ግን አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ እጄ እንቢ አለኝ።"

ነርሷ ወደ ወረቀቶቹ ጎንበስ አለች። ቀና ብላም "አንድም ቀን መልስ አልጻፍክልኝም" አለች።

አለቃ ጣራውን በእጃቸው እያገላበጡ "ያኔ ፊደል መች ቆጠርኩ" አሉ። "አለቅነቱ የመጣው ከተማርኩ በኋላ ነው። ደብዳቤሽን የሚያነብልን ምግብ አብሳዩ ነበር። ጥርስሽ የወለቀ ጊዜ ስምንት ሰው ነው ሥራ አቁሞ የሰማው።"

"ታዲያ ምናለ ብትነግረኝ?"

"አፈርኩ፤ ልጄ ታነባለች፣ እኔ አላነብም። ምን ብዬ?"

ነርሷ መሳቅ ጀምራ መሃል ላይ እንባዋ ቀደማት። ልብስ ሰፊው የሚያደርገው ቢጠፋው መሀረብ ፍለጋ ወጣ፤ ሲመለስ ሚስቱ አባቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ ፉርጎውን ሀዲድ ላይ ለማስቀመጥ ትታገላለች።

"የኋላው ጎማ አልገባም" ይላሉ አለቃ።

"ገብቷል!"

"አልገባም አልኩሽ፣ ግትር!"

ገባ። ባቡሩን ያስነሳችው እሷ ናት። ጠጠር ጫኞቹ፣ ክሬኑ፣ ማደሪያው ተከታትለው ጉዞ ጀመሩ። ክሬኑ ግን ልብስ ሰፊው ከካርቶን በሠራው ኮረብታ ውስጥ ካለው ዋሻ ይረዝም ኖሯል፤ አፉ ላይ ሲደርስ ተሰነቀረና ዋሻው ከነኮረብታው ሀዲዱ ላይ ተደረመሰ።

ልብስ ሰፊው ሁለት ክረምት የለፋበትን ኮረብታ እያየ ራሱን ያዘ። አለቃ ግን ሸሚዛቸውን እየሰበሰቡ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

"በሉ ተነሱ!" አሉ፤ ድምፃቸው ከሳሎን አልፎ ግቢው ድረስ ተሰማ። "ሥራ ተገኘ! ማነሽ፣ ሙጫውን አቀብይኝ።"