የአሥራ አራት ቁጥር ጉበት

የቤተ ሙከራውን በር ከመክፈቴ በፊት «እህህ» እላለሁ። አይጦቹ እንዳይደነግጡ ነው። ሃያ ነበሩ፤ አሥሩ በቀኝ መደርደሪያ፣ አሥሩ በግራ። ሥራዬ ማብላትና የሽቦ ቤታቸውን ማጠብ ነበር።

ለቀኞቹ መኖው ላይ የሻጋታ ዱቄት እጨምራለሁ። አኩሪ አተር የሚያብላላ፣ የሚበላ ሻጋታ ነው። ለግራዎቹ ባዶውን መኖ።

«አባባ፣ ብረት እንደሚዝግ ጉበትም ይዝጋል ይበሉ» አለችኝ ተመራማሪዋ ሥራው ሲጀመር። «ሻጋታው ውስጥ አንቲኦክሲዳንት የሚባል ዝገት ከልካይ አለ። በሦስተኛው ሳምንት ለሁሉም ጉበት የሚጎዳ መድኃኒት እንሰጣለን። ከዚያ የማን እንደተረፈ እናያለን።»

ባለቤቴ በጉበት ነው የሞተችው። መጀመሪያ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ይህን ለተመራማሪዋ አልነገርኳትም። ሆድ ይፍጀው።

አሥራ አራት ቁጥር ከግራዎቹ ነበረች። «እህህ» ስል ሽቦውን ይዛ በኋላ እግሯ ትቆማለች። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ስገባ ብድግ ያለልኝ እሷ ብቻ ናት። አንጀቴን በላችው። በየጠዋቱ ጣቴን ዱቄቱ ውስጥ ነክሬ እንድትልሰው እሰጣት ጀመር። በጣት ጫፍ ዱቄት ማን ይጎዳል አልኩ።

«አባባ፣ እኔን ደህና አደርሽ ሳይሉ ከአይጥ ጋር ወሬ?» አለች ተመራማሪዋ አንድ ቀን።

«አይጥ ወሬ አታመላልስም።»

ሳቀች።

መድኃኒቱ ተሰጠ። የግራዎቹ ፀጉር ቆመ፤ ተኮራምተው ዋሉ። አሥራ አራት ግን ትበላለች። ተመራማሪዋ ደሟን ወስዳ መረመረች። ስትመለስ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

«ይቺ ያለ ሻጋታ እንዴት ተረፈች? የሦስት ዓመት ሥራዬ ነው። እሷ እንዲያው ከዳነች፣ ቀኞቹን ሻጋታው አዳናቸው ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም።»

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ብናገር ያባርሩኛል፤ ከዚያ ክፍል ሌላ የምውልበት የለኝም። ጣቴን አየሁት።

«ሻጋታውን ልሳለች» አልኩ። «እኔ ነኝ ያበላኋት።»

«ለምን?»

«ስገባ ትቆምልኛለች።»

እስክሪብቶዋን አነሳች። ከዚያ መዝገቡ ላይ አሥራ አራትን ሰረዘቻት።

«ማብላቱን ሌላ ሰው ይይዘዋል። እርስዎ ማጠብ ብቻ።»

«እሷስ?»

«የሁሉም መጨረሻ አንድ ነው አባባ። ያውቁታል።»

አውቀዋለሁ። ሙከራው ሲያልቅ ጉበታቸው እንዲታይ ይገደላሉ፤ አንድም አይተርፍም።

«ብትሰረዝም ጉበቷን እዪው» አልኳት። «በከንቱ አትሂድ።»

ሙከራው ባለቀ ማግስት ተመራማሪዋ ማጠቢያው ድረስ መጣች። ጓንቷን አላወለቀችም።

«አየሁት። ደህና ነው።»

«ቢጫ አልሆነም?»

«አልሆነም።»

ውሃውን ከፈትኩና ማጠቤን ቀጠልኩ። የአሥራ አራትን የሽቦ ቤት መጨረሻ ላይ አጠብኩት።

አሁን ሁለቱም መደርደሪያ ባዶ ነው። ጠዋት በሩን ከመክፈቴ በፊት ግን ዛሬም «እህህ» እላለሁ። የሚደነግጥ የለም።