እስከ መጨረሻው ርገጪ

«‹መኪናዋ አትሄድልኝም አሰፉ› አለኝ፤ የመጨረሻ ቃሉ ይቺው ናት» አለች አሰፋሽ፣ አሁን ገብተው አጠገቧ ለተቀመጡት ጎረቤት።

በሩ ጥግ የተቀመጠው ዘውዱ ሻሂውን ሳይቀምስ አቀረቀረ። ለቅሶ ደራሽ በገባ ቁጥር አሰፋሽ ከመጀመሪያው ትነሳለች፤ ባሏ አልአዛር ሐሙስ ዕለት ጋቦዴ ሰፈር ተሳፋሪ አውርዶ ሲመለስ ደረቱን እንደወጋው፣ ወደ ሐኪም ቤት እየነዳ እንደደወለላት፣ ታክሲው ውስጥ እንዳለ መንገድ ዳር እንዳገኙት፣ ሐኪሙ «ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢደርስ» እንዳለ። የሰማ ሁሉ ያለቅሳል። ዘውዱ ግን አላለቀሰም፤ ፈርቷል። የታክሲዋ መካኒክ እሱ ነው።

«አላህ ያጽናሽ ልጄ» አሉ ጎረቤቷ። ኻሊዳ ይባላሉ፤ ከድሬዳዋ መጥተው እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈር ጨርቅ ሲነግዱ ያረጁ ናቸው። «መኪናዋስ ምን ነክቷት ነው? የሚያያት ሰው አልነበረም?»

«ዘውዱ አይቷት ነበር» አለች አሰፋሽ በቅንነት።

ሁሉም ዞረው አዩት። በክፉ ዓይን አልነበረም፤ እሱ ግን ላብ አጠመቀው።

«አዎ፣ ማክሰኞ» ብሎ ትኩሱን ሻሂ በአንዴ ጨለጠው፤ ጉሮሮውን ላጠው።

ማክሰኞ ኸምሲን፣ ያ የሐምሌ አቧራማ ነፋስ፣ ጅቡቲን አፍኗት ነበር የዋለው። ዘውዱ ጋራዥ የለውም። ካርቲየ ስድስት መንገድ ዳር፣ ሸራ ወጥሮ ነው የሚሠራው። በእንዲህ ያለ ቀን የአየር ማጣሪያ ሲያወጣ፣ አቧራ እንዳይገባ የአየር ቱቦውን አፍ በጨርቅ ይወትፋል። ማክሰኞም ወተፈ። ማጣሪያውን አራገፈ፣ በአየር ነፋው፣ መልሶ ገጠመው። ጨርቁን ግን ማውጣቱን አያስታውስም። ጨርቅ ቱቦውን ሙሉ በሙሉ ካልደፈነው ሞተር ይነሳል፤ ነዳጅ ሲረግጡለት ግን ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አይስብም። ይህን ከዘውዱ በላይ የሚያውቅ የለም።

የማያስታውሰው፣ አልአዛር ሲያስቀው ስለነበር ነው። አባቱ በባቡሩ ጊዜ ከኢትዮጵያ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሱ እዚሁ ተወልዶ፣ ሶማሊኛውን ከፈረንሳይኛው እየቀላቀለ መንደሩን ሲያስቅ የኖረ ሰው ነበር። ምጥ የያዛት ሴት ካየ ተሳፋሪውን ለምኖ አስወርዶ እሷን ያደርሳል። ስንቷን በሰዓቱ አድርሷል!

«አራት መቶ ሺህ ኪሎሜትር!» ብሎ ነበር ያን ቀን፣ የታክሲዋን ጣሪያ እየመታ። «በእግሬ ብሄደው ኢየሩሳሌም ስንቴ ደርሼ እመለስ ነበር!»

እየሳቀ ወጣ። ዘውዱ ነድቶ እንኳ አልሞከራትም።

ረቡዕ አልአዛር ስልክ ደወለ። «ሞናሚ፣ ወዳጄ፣ ዛሬ ደግሞ ብሶባታል። ብረግጣት ብረግጣት አትስብም።»

«ዕድሜዋ ነዋ! እንዳንተው አርጅታለች» አለው ዘውዱ። ሁለቱም ሳቁ። አምጣትና ልያት አላለውም። በማግስቱ አልአዛር ሞተ።

የሣልስቱ ዕለት፣ ከምሳ በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ለቅሶ ደራሹ ወደየቤቱ ተበተነ። ዘውዱ ደጅ ወጣ። አረንጓዴና ነጯ ታክሲ አጥሩን ተጠግታ ቆማለች። እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ፤ መክፈት ግን አቃተው። ጨርቁን ቢያገኘውስ? እንደ ወንድም የሚያየውን ሰው በገደለ እጅ እንዴት እንጀራ ይቆርሳል?

«እዚህ ፀሐይ ላይ ምን ታደርጋለህ?» አሰፋሽ ከኋላው ቆማለች፤ ጥቁሯን እንደለበሰች።

ሊዋሽ አስቦ ነበር፤ አፉ እምቢ አለው። ስለ ጨርቁም፣ ስለ ስልኩም፣ ስለ ሳቁም አንድ ሳያስቀር ነገራት። አሰፋሽ አጥሩን ይዛ ቆመች። ከንፈሯ ደረቀ።

«ክፈተው።»

«አሰፉ፣ እባክሽ…»

«ክፈተው አልኩህ! ሳላውቀው አላድርም።»

ኮፈኑን አነሳ። ማጣሪያውን ፈታና ዓይኑን ጨፍኖ ጣቶቹን ቱቦው ውስጥ ሰደደ። ባዶ ነው። እንደገና ሰደደ። ባዶ። ዓይኑን ሲገልጥ ጨርቁ ባትሪው ጎን ተጣጥፎ ተቀምጧል። ለካ አውጥቶት ነበር። መሬት ላይ ዘፍ አለ፤ በሦስት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልጅ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

«እግዜር ይመስገን» አለች አሰፋሽ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ታዲያ ምን ነበር የያዛት?»

እዚያ ላይ ቢተወው ይሻለው ነበር። መካኒክ ነውና አልተወውም።

«እስቲ ግቢና የነዳጁን ፔዳል ርገጪልኝ። እስከ መጨረሻው ርገጪ።»

ገብታ ረገጠች። ዘውዱ ጎንበስ ብሎ በፔዳሉ የምትከፈተውን፣ ለሞተሩ ትንፋሽ የምታስገባውን የካርቡሬተር በር አየ። እኩሌታዋ ብቻ ተከፈተ።

«እስከ መጨረሻው!»

«መጨረሻው ነው፤ ከዚህ ወዲያ አይሄድም።»

የፔዳሉን ገመድ ዳበሰ። ደህና ነው። ዞሮ መጥቶ ወደ እግሯ ተመለከተ። ከፔዳሉ ሥር፣ ዳር ዳሩ በቀይ ክር የተሰፋ ወፍራም አዲስ ምንጣፍ ተነጥፏል። ፔዳሉ እሱ ላይ አርፎ ቆሟል።

«ይሄ… መቼ ነው የተነጠፈው?»

«ማክሰኞ ካንተ ዘንድ ሲመለስ። ወለሉ እግሩን ያቃጥለው ስለነበር ብርድ ልብስ ደራርቤ ሰፋሁለት።» ፊቷ ባል ከሞተባት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ አለ። «እንዴት ደስ ብሎት ነበር መሰለህ!»

ዘውዱን ብርድ ብርድ አለው፣ በዚያ ሐሩር። እንዲህ ያለ ፍርሃት በሦስቱም ቀን አልያዘውም። ይህችን ሴት፣ ይህን ብታውቅ፣ ማን ያተርፋታል?

«ታዲያ? ምን አገኘህ?»

«ገመዱ ነው» አለ። «ማክሰኞ ሳጠብቀው አላልቼው ኖሯል። ጥፋቱ የኔ ነው አሰፉ።»

ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። አሰፋሽ ረጅም ጊዜ አየችው።

«እሱ ባንተ አይቀየምም ነበር» አለች በመጨረሻ። ወርዳ ፊቷን አዞረች።

ዘውዱ በሩ ሥር ተንበርክኮ ወደ ምንጣፉ እጁን ዘረጋ።

«በዘይት እንዳታቆሽሽብኝ» አለች ሳትዞር።

እጁን መለሰ። መዳፉን፣ ጣቶቹን፣ የጥፍሮቹን ሥር ሳይቀር ለለቅሶው በደረበው ነጭ ነጠላ አንድ በአንድ ጠረገ። ከዚያ ምንጣፉን በጣቶቹ ጫፍ ይዞ ከፔዳሉ ሥር አራት ጣት ያህል ወደ ኋላ ሳበና፣ በቀይ ክር የተሰፋውን ጠርዝ ቀስ አድርጎ አስተካከለው።