በጎማው ውስጥ የገባው ስፖንጅ

ደንበኞቹ ሁሉ «ሚሊሜትር» ነበር የሚሉት። አንድ ብሎን ለማጥበቅ መለኪያ የሚያወጣ፣ የፍሬን ሽቦ ከመቁረጡ በፊት ሁለቴ ለክቶ ሦስተኛ ለመለካት የሚያስብ ብስክሌት ጠጋኝ ሌላ ምን ይባላል? እሱም ቅጽል ስሙን አልጠላውም። እንዲያውም ሰው ሲጠራው ደረቱ ነፋ ይል ነበር።

ታናሽ እህቱ የውሃ መስመር ተቆጣጣሪ ናት። የከተማው ውሃ ከተራራው ላይ በቧንቧ ይወርዳል፤ እሷም በሳምንት ሦስት ቀን በብስክሌት ወጥታ መገጣጠሚያውንና መዝጊያውን አንድ በአንድ እያየች ትመለሳለች። መንገዱ መኪና አያስገባም። ዳገቱ ጠጠር፣ ቁልቁለቱ ሹል ድንጋይና የዛፍ ሥር ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰንሰለት ሁለቴ ተበጥሶባታል፤ የማርሽ መቀየሪያዋን ድንጋይ መትቶ አጣሞታል፤ የመቀመጫው ዘንግ ከመሃሉ ተሰንጥቋል። ጎማውን የሚይዘውን የኋላ ቸርኬማ ስንቴ አጣማ እንዳመጣችው ቤቱ ይቁጠረው። ወንድሟ ባየው ቁጥር፣ ብስክሌት ነው የምትነጂው ወይስ ድንጋይ ትፈጫለሽ፣ እያለ ይስቅባታል፤ ከሳቁ ሥር ግን ሐሳብ ነበረው። ከእነሱ ቤት በየሳምንቱ ብቻውን ተራራ የሚወጣ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ጎማዋ የውስጥ ጎማ የሌለው ዓይነት ነው። አየሩ በውጭው ጎማና በቸርኬው መካከል ይታመቃል፤ እዚያው ውስጥ የሚንቦጫረቅ ወተት መሳይ ፈሳሽ አለ፤ እሾህ ሲወጋው ቀዳዳውን ወዲያው ይደፍነዋል። ሚሊሜትር በዚህ ላይ አንድ ነገር ለመጨመር አሰበ። ጎማው ውስጥ ዙሪያውን የሚገባ ወፍራም የስፖንጅ ቀለበት አለ፤ ድንጋይ ሲመታ ስፖንጁ ምቱን ይቀበልና ቸርኬው ይተርፋል። አምጥቶ ለሷ በሁለቱም ጎማ ውስጥ ገጠመላት። ግማሽ ቀን ታገለው፤ ግን ጠረጴዛ አለው፣ ዕቃ ጨብጦ የሚይዝ ሞርሳ አለው፣ የሳሙና ውሃና ኮምፕሬሰር አለው። ጨርሶ ሲያስረክባት ፊቱ በርቶ ነበር።

«ከእንግዲህ አየር ቢያልቅብሽ እንኳ በስፖንጁ ላይ እየነዳሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ» አላት። ስፖንጁ ስላለ አየሩን ቀነስ አድርጋ እንድትነዳም መከራት፤ ጎማው ድንጋዩን ይበልጥ ይጨብጥላታል ብሎ።

በሦስተኛው ሳምንት መጥታ በሩን ተደግፋ ቆመች። ብስክሌቷ ሞታብኛለች፣ ዳገቱ ላይ እየጎተትኳት ነው የምወጣው፣ ከሥሬ ያለው ድንጋይም እንደ ድሮው አይሰማኝም አለችው። እሱ የሌላ ሰው ማርሽ እያስተካከለ ነበር። ቀና ሳይል «ትለምጂዋለሽ» አላት።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ጎማው አየር አልቀበል እንዳላት ነገረችው። አየር ማስገቢያ ቫልቮላውን ፈትቶ ሲያየው በደረቀ ፈሳሽ ተደፍኗል። ጠርጎ መለሰላት። ስፖንጁ ፈሳሹን እየጠጣው ይሆን እንዴ ብላ ስትጠይቀው፣ እንደማይጠጣ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል ብሎ ዝም አሰኛት። እሷም ወንድሜ ነው፣ ሥራውን ያውቃል ብላ ሄደች።

አደጋው የደረሰው ማክሰኞ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእህቱ አለቃ ስልክ ደወሉ። እኚህ ሰው ነገር ማርዘም አይወዱም፤ ልጅቷ ወድቃለች፣ ክሊኒክ ናት፣ ነፍሷ ደህና ነው አሉት። የጥገና ቤቱን በር ሳይቆልፍ ነው የሮጠው።

የሆነው እንዲህ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ግድም የኋላ ጎማዋን ጎን ስለታም ድንጋይ ሁለት ጣት የሚያህል ቀደደው። የሚደፍን ፈሳሽ ጠብ አላለም። መለዋወጫ የውስጥ ጎማ ይዛ ነበርና እሱን ላስገባ ብላ ጎማውን ከቸርኬው ለማላቀቅ ታገለች፤ ስፖንጁ ከውስጥ ወጥሮ ስለያዘው ንቅንቅ አላለላትም። እጇ ሲዝል ወንድሟ የነገራት ትዝ አላት፤ በስፖንጁ ላይ መንዳት ጀመረች። አራት ኪሎ ሜትር ያህል ሄደላት። ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ግን የላላው ጎማ ከቸርኬው ወጣ፤ ስፖንጁም ተከትሎት ወጥቶ በማርሹና በብስክሌቱ አካል መሃል ተጠመጠመ። የኋላው ጎማ ቀጥ ብሎ ሲቆም እሷ በመሪው ላይ ተወርውራ ድንጋዩ ላይ አረፈች። የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ፤ አገጯ ተሰነጠቀ። ስልክ እዚያ አይሠራም። እጇን በሻርፗ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሦስት ሰዓት ሙሉ በእግሯ ወርዳ ተራራው ግርጌ ካለው የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ደረሰች።

ክሊኒክ ሲገባ እጇ በጀሶ ታሽጎ፣ አገጯ ተሰፍቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። እናታቸው አጠገቧ ናቸው። ሚሊሜትር በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ ለመዋጥ የሚመኘው ያን ጊዜ ከአፉ ያመለጠውን ነው።

«ስንት አየር አድርገሽ ነበር?»

እህቱ ቀስ ብላ አየችው። «አንተ ያልከኝን ያህል» አለች።

እናታቸው የልጅቷን ጫማ ማሰሪያ ጎንበስ ብለው ማሰር ጀመሩ።

በማግስቱ አለቃዋ ብስክሌቱን በሰው አስመጥተው ጥገና ቤቱ ደጃፍ አስቀመጡለት። የተቦጫጨቀውን ስፖንጅ አውጥቶ ሚዛን ላይ ሲያደርገው አዲስ ሳለ ከነበረው እጥፍ ሆኖ አገኘው። በእጁ ሲጨምቀው ያ ሁሉ ወተት መሳይ ፈሳሽ በጣቶቹ መሃል ተንጠፈጠፈ። ለጎማው የተረፈ ጠብታ አልነበረም። እህቱ የጠረጠረችው ልክ ነበር፤ ማሸጊያው ነው የዋሸው። መጀመሪያ ላይ ይሄ ነገር እፎይ አሰኘው። ጥፋተኛ ተገኘ። ሁለት ቀን ሙሉ ለሚገባው ለሚወጣው የስፖንጁን ሠሪዎች ሲያማ ዋለ። በሦስተኛው ቀን የራሱ ድምፅ ራሱን ሰለቸው። ሠሪዎቹ እህቱን አያውቋትም፤ መንገዷንም አላዩትም። እሱስ አይቶታል? በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አብሯት ወጥቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ጥገና ቤቱን ዘግቶ በራሱ ብስክሌት ወጣ። ጎማው ውስጥ ያንኑ ዓይነት ስፖንጅ ከነፈሳሹ አስገብቷል። ከእህቱ የመሣሪያ ቦርሳ በቀር አንድም ነገር አልያዘም፤ ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውጫ፣ የእጅ ፖምፓና የውስጥ ጎማ ነው ያለው። ዳገቱ ልቡን አፈረሰው። ብስክሌቱ ዛሬ ገና ጎታች መሆኑ ገባው፤ በየዙሩ ከኋላው ሰው የያዘው ይመስላል። እግሩ ሲዝል ወርዶ እየገፋ፣ ሲሻለው እየነዳ፣ እህቱ ጎማዋ የተቀደደበትን ቦታ በነገረችው ምልክት አገኘው። አየሩን በገዛ እጁ አስተነፈሰና መሬት ላይ ተቀመጠ።

መጀመሪያ በአውራ ጣቶቹ ገፋው። አልሆነም። ተነስቶ በጉልበቱ ተጫነው፤ በጫማው ረገጠው። አንደኛው ማውጫ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ጥርሱን ነክሶ በቀረው ታገለ፤ የጥፍሩ ሥር ደማ። እዚህ ጠረጴዛ የለም፤ ሞርሳ የለም፤ የሳሙና ውሃ የለም፤ ንፋሱ ላቡን ያደርቀውና ያንቀጠቅጠዋል። የጎማውን አንድ ጎን ሲያላቅቅ አንድ ሰዓት ከሩብ አልፎ ነበር። ስፖንጁን ሲስበው እንደ እርጥብ ዓሣ እያሟለጨ ልብሱን ለቀለቀው። ካወጣው በኋላ ደግሞ የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ ቦርሳው አያስገባውም፣ ጥሎት አይሄድ። አንገቱ ላይ አጠለቀው፤ ፈሳሹ በጀርባው ቁልቁል ወረደ።

እሱ ጠጋኝ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጎማ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ፣ እጁ የሻከረ ሰው ነው። እህቱ እዚህ ቦታ ብቻዋን ስትታገል ምን እንደተሰማት አሰበ። ብስክሌቷ ሞታብኛለች ስትለው ቀና ቢል ኖሮ ፊቷን ያይ ነበር። መለዋወጫውን የውስጥ ጎማ አስገብቶ ነፋና ወደ ከተማ ወረደ።

ከተማ እንደገባ ልብሱን ሳይቀይር ቤቷ ሄደ። በሩን የከፈቱለት እናቱ ከነስፖንጁ ሲያዩት ምን ጉድ ነው ብለው አፋቸውን ያዙ። እህቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ በአንድ እጇ ብርቱካን ለመላጥ ትታገላለች። ብርቱካኑን ተቀብሎ እየላጠ ያየውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ነገራት፤ የተሰበረውን ማውጫ፣ አንድ ሰዓት ከሩቡን፣ ስፖንጁ የጠጣውን ፈሳሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይሄን ነገር መግጠም አልነበረብኝም አላት።

«ጋሼ፣ የገጠምክልኝማ አስበህልኝ ነው» አለች። «እሱ አይደለም ያስከፋኝ። ሁለት ጊዜ ነገርኩህ። ሁለቱንም ጊዜ ቀና ብለህ አላየኸኝም።»

ልጣጩን አስቀምጦ ቀና አለ።

«እኔ መካኒክ አይደለሁም» አለች ደግሞ። «ግን ብስክሌቷ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

«ልክ ነሽ» አላት። ብርቱካኑን ከፍሎ ሰጣት፤ አብረው በሉ።

ያንን ስፖንጅ የገጠመላቸው ሌሎች ዘጠኝ ደንበኞች ነበሩ። ሰኞ ዕለት አንድ በአንድ ደወለላቸው። ድሮ ቢሆን ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይነግራቸው ነበር፤ አሁን ግን የት ነው የምትነዱት፣ ለስንት ሰዓት፣ ብቻችሁን ነው ወይስ ከሰው ጋር እያለ ይጠይቅ ጀመር። አንደኛው የቁልቁለት ተወዳዳሪ ነው፤ ሩጫው አምስት ደቂቃ ነው፣ ታች መኪናና ረዳት ይጠብቁታል፤ ለሱ ከቸርኬው መትረፍ የሚበልጥ ነገር የለም። ስፖንጁን ቢነኩበት ሊጣላ ነው። ሚሊሜትር ነገሩን ሰምቶ፣ ላንተ ልክ ነው፣ ፈሳሹን ብቻ ቶሎ ቶሎ ጨምርበት ብሎ ተወው። ሌላው ደንበኛ፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ግን ቀኑን ሙሉ ጫካ ለጫካ ብቻቸውን የሚዞሩ ሰው ናቸው። የዛኑ ዕለት ብስክሌታቸውን እየገፉ መጡ። ጎማውን አንድ ቀን ለመፍታት ሞክረው አቅቷቸው ተመልሰዋል።

«ዕድሜዬ መስሎኝ እኮ ነው» አሉት። «አንተ እንደዚያ እርግጠኛ ሆነህ ስትናገር፣ እኔ ደከምኩ እንጂ ዕቃው ነው ብዬ እንዴት ልበል?»

ይሄ ከእህቱ ንግግር ባልተናነሰ ወደ ውስጡ ገባ። የስንቱን አፍ እንደዚህ ዘግቼ ይሆን እያለ ሲያብሰለስል ሰነበተ።

ጀሶው በሰባተኛው ሳምንት ተፈታ። እህቱ መጥታ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ጎማዎች እየዳበሰች ጎኑ ጠንከር ያለውን መረጠች። ስፖንጅ አልፈለገችም፤ አየሩን ትንሽ ከፍ አድርጋ ልትነዳ፣ ቀዳዳ መድፈኛና መለዋወጫ የውስጥ ጎማ ልትይዝ ወሰነች። ወንድሟ እጁን ሲዘረጋ ጎማውን ወደራሷ ሳበችው። ጠረጴዛውን ትታ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ገና ባልጠናው እጇ እየታገዘች፣ በቦርሳዋ መሣሪያ ብቻ ገጠመችው፤ ፈታችው፤ እንደገና ገጠመችው። እሱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ ያያታል። ልርዳሽ የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሶ ስንቴ እንደተመለሰ እሱ ነው የሚያውቀው።

ሥራ የጀመረች ቀን አብሯት ወጣ። አለቃዋ፣ ጠጋኝ ይዞ መውጣት ከመቼ ወዲህ ነው ብለው ቀለዱባት። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ እያለከለከ፤ በየመታጠፊያው ቆማ ትጠብቀዋለች። የወደቀችበት ቦታ ሲደርሱ ፍጥነቷን ቀንሳ፣ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ወረደችው። እሱ ግን ከብስክሌቱ ወርዶ በእግሩ አለፈ።

ከሰዓት በኋላ ከአንድ መዝጊያ አጠገብ ቆሙ። ከቦርሳዋ አጠር ያለ የብረት ዘንግ አወጣች፤ አንዱን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። የሚያፈስ ቦታ ካለ በዚህ ይታወቃል አለችው፤ ዘንጉንም አቀበለችው። አደረገው። የራሱን ትንፋሽ ብቻ ነው የሰማው።

«ምንም የለም» አላት።

«አትቸኩል።»

ትንፋሹ እስኪሰክን ጎንበስ እንዳለ ቆየ። ቀስ በቀስ ከሩቅ፣ ከብረቱ ውስጥ፣ ውሃው ሲሄድ ይሰማው ጀመር። እህቱ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ የመዝጊያውን ቁጥር ጻፈችና ብስክሌቷን አነሳች፤ ገና ስድስት መዝጊያ ይቀራቸው ነበር።